የሚያበራው ሰማያዊ ዱቄት፦ ስለ ሲዚየም የከፈትኩት ክርና የመጡልኝ 30 መልሶች

ክሩን፣ ማለትም የኢንተርኔት ውይይቱን፣ የከፈትኩት ማክሰኞ ማታ ነው። አጎቴ ምናለሽ ተራ ቁርጥራጭ ብረት ይገዛል፣ ይሸጣል። ባለፈው ሳምንት ሱቁ ጎራ ስል ልጆቹ አንድ ድቡልቡል ከባድ ብረት በመዶሻና በመሮ ለመክፈት ይታገላሉ። ውስጡ እርሳስ ሳይኖር አይቀርም ብለው ጓጉተዋል። እርሳስ ጥሩ ዋጋ ያወጣል። በመጨረሻ የወጣው ዝገትና ግራሶ ብቻ ነበር። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለ ጎያኒያ ካነበብኩ ገና ወር አልሞላኝም ነበር።

መነሻ ጽሑፌ አጭር ነበረች። ብራዚል ውስጥ ጎያኒያ በምትባል ከተማ፣ በ1987፣ ሁለት ወጣቶች ከተተወ ክሊኒክ አንድ ማሽን ፈትተው ወሰዱ። ውስጡ የነበረው ሲዚየም-137 አራት ሰው ገደለ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው፤ የእኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።) ሁለት ነገር ጠየቅሁ። ይህ ሲዚየም የሚባለው ነገር ምንድን ነው? እኛ ሰፈርስ ሊመጣ ይችላል ወይ? ከሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አደረግሁ፤ ሰዎቹን የገደላቸው አለማወቃቸው ነው አልኩ። ከመልሶቹ ብዙዎቹን ያመጣችው ይህች የመጨረሻዋ ናት።

መልስ 1 በትሕትና የተጻፈ ነው። አንባቢው አመስግኖኝ፣ ታሪኩን የማያውቅ ብዙ ሰው ስላለ ከሥሩ ተርክልን አለኝ። ስለዚህ መልስ 2 የራሴ ነው። ረዘም ያለ ቢሆንም እዚህም ልድገመው።

ጎያኒያ ውስጥ አንድ የግል የጨረር ሕክምና ክሊኒክ ነበር። በ1985 መጨረሻ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር የኮባልት ማሽኑን ይዞ ሄደ፤ የሲዚየሙን ማሽን ግን እዚያው ተወው። ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም አላሳወቀም። ሕንፃው በከፊል ፈርሶ ማንም የሚገባበት ወና ሆነ። ሴፕቴምበር 13 ቀን 1987 ሁለት ወጣቶች ዋጋ ያለው ብረት አለ ሲባል ሰምተው ገቡ። የማሽኑን ራስ ፈትተው በእጅ ጋሪ ወደ ቤት ገፉት። ያኑ ዕለት ያስመልሳቸው ጀመር። የበሉት ነገር ነው ተባለ። ከቀናት በኋላ አንደኛው በካቻቢቴ የመያዣዋን መስኮት በሳት።

ሴፕቴምበር 18 ለአንድ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡት። ማታ ነጋዴው ወደ ግቢው ሲወጣ ከብረቱ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ሲወጣ አየ። ውድ ነገር መሰለው፤ ምናልባትም ከሰው በላይ የሆነ ነገር። ቤቱ አስገባው። ጎረቤትና ዘመድ እየመጣ ተደነቀ። የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ ቅንጣቶች ለወዳጆቹ አደለ። እንደ ጌጥ ገላቸውን የተቀቡበት ነበሩ። ወንድሙም ጥቂት ወስዶ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አኖረ። የስድስት ዓመት ልጁ ተጫወተችበት፤ በዚያው እጇ ምግብ በላች።

መጀመሪያ የነቃችው የነጋዴው ሚስት ናት። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ሲታመም አየች። ሰበቡ ይህ ብረት ነው አለች። ሴፕቴምበር 28 ከአንድ ሠራተኛ ጋር ሆና ብረቱን በከረጢት አድርጋ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ጤና ቢሮ ወሰደችው። እዚያ ያለ ሐኪም ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። እሱም ምንነቱን ስላላወቀ ቆይቶ ግቢ ውስጥ አንድ ወንበር ላይ አኖረው። በማግስቱ አንድ ፊዚሲስት ዩራኒየም ከሚፈልግ መሥሪያ ቤት የጨረር መለኪያ ተውሶ መጣ። ገና ሳይቀርብ መርፌዋ ጥግ ድረስ ዘለለች። የተበላሸ መስሎት ተመልሶ ሌላ መለኪያ አመጣ። ያም ያው ሆነ። እሱ ሲደርስ የእሳት አደጋ ሰዎች ዕቃውን ወንዝ ሊጥሉት እየተዘጋጁ ነበር። ለጥቂት ደርሶ አስቆማቸው።

ከዚያ በኋላ 112 ሺህ ገደማ ሰው ስታዲየም ተሰልፎ ተመረመረ። 249ኙ ላይ ብክለት ተገኘ። አራት ሰው ሞተ፤ ሚስትየዋ፣ ሕፃኗና ሁለት ወጣት የነጋዴው ሠራተኞች። ሕፃኗ በእርሳስ በተለበጠ ሣጥን ተቀበረች፤ ቀብሯን ለመከልከል ድንጋይ የወረወሩ ነበሩ። ሰባት ቤት ፈረሰ። የተዛቀው አፈርና ዕቃ 3,500 ሜትር ኩብ ደረሰ። ይህን ሁሉ ያመጣው የሲዚየም ጨው 93 ግራም ነበር። አንድ ሲኒ አይሞላም።

መልስ 3 የኬሚስትሪ መምህር ነኝ ያሉ ሰው ናቸው። የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ሲዚየምን በ1860 ያገኙት ቡንሰንና ኪርሆፍ የተባሉ ጀርመኖች ናቸው። ለስላሳ ብረት ነው፤ በ28.5 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ማለትም በሞቃት ቀን። ውኃ ሲነካው ይፈነዳል። ሲዚየም-137 ግን የሚወለደው ዩራኒየም ሲሰነጠቅ ነው፤ ከኑክሌር ማብላያ ወይም ከቦምብ። ቤታ ጨረር አውጥቶ ወደ ባሪየም ይለወጣል። ያ ባሪየም ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ጋማ ጨረር ይለቅቃል። ሥጋን ሰንጥቆ የሚያልፈው ይህ ጋማ ነው፤ ለካንሰር ሕክምናም ያስፈለገው ለዚሁ ነው። የጎያኒያውን የከፋ ያደረገው ክሎራይድ፣ ማለትም ጨው መሆኑ ነው አሉ። እንደ ገበታ ጨው ይፈጫል፣ በላብ ይሟሟል፣ ከእጅ ወደ በር፣ ከበር ወደ እንጀራ ይሄዳል። ሰውነት ውስጥ ከገባ ከፖታሺየም ስለሚመሳሰልበት ጡንቻ ሁሉ ውስጥ ይሠራጫል። አዋቂ ሰው ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል።

መልስ 4 ደንግጦ፣ ሲዚየም የሚባል ነገር ከዓለም ቢጠፋ ይሻላል አለ። መልስ 5 ረጋ ብሎ አረመው። በተፈጥሮ የሚገኘው ሲዚየም-133 ምንም ጨረር የለውም። ከ1967 ጀምሮ አንድ ሰከንድ የሚለካው በእሱ ነው፤ የሲዚየም አቶም የሚያወጣው ሞገድ 9,192,631,770 ጊዜ ሲወዛወዝ አንድ ሰከንድ ይባላል። ስልካችን ቦታችንን የሚያውቀው ሳተላይቶቹ በአቶም ሰዓት ስለሚሠሩ ነው።

መልስ 6 ስሙ ሰማያዊ ማለት ነው ሲባል ሰምቶ፣ ከዚያ ብርሃን የመጣ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። መልስ 7 ላይ መምህሩ ተመለሱ። ሦስቱን ሰማያዊ አታምታቱ አሉ። ስሙ የላቲን ነው፤ በእሳት ሲነድ በመሣሪያ ከሚታዩት ሁለት ሰማያዊ መስመሮች የመጣ። የጎያኒያው ብርሃን ከጨረሩ ኃይል የመጣ ሌላ ነገር ነው። ሦስተኛው ፕሩሺያን ብሉ የሚባል የቀለም ዱቄት ነው። እሱ መድኃኒት ነው፤ አንጀት ውስጥ ሲዚየሙን ይዞ ከሰገራ ጋር ያወጣል። ጎያኒያ ላይ ለ46 ሰው ተሰጥቷል። ሠዓሊ የሚቀባው ቀለም ሰው ሲያድን ማየት እኔን አስደንቆኛል።

መልስ 8 ለሁለተኛው ጥያቄዬ የመጀመሪያው እውነተኛ መልስ ነበር። ጸሐፊው የመንገድ ሥራ ላቦራቶሪ ቴክኒሽያን ነው። የተጠቀጠቀ አፈር ጥግግቱን የሚለኩበት፣ በቢጫ ሣጥን የሚዞር መሣሪያ አለ፤ በዘንጉ ጫፍ ትንሽዬ የሲዚየም-137 እንክብል አለችው። የሲሚንቶ ፋብሪካ፣ የማዕድን ቦታ፣ የነዳጅ ቁፋሮም በሲዚየም ይለካሉ። ወፍራም ብረት ውስጥ ያለውን ሳይከፍቱ ለማወቅ ጋማ ያስፈልጋል። ከዚያ ግን አረጋጋን። የእሱ መሣሪያ ሲዚየም ከጎያኒያው ጋር ሲተያይ፣ ያኛው ከ150 ሺህ እጥፍ በላይ ይበልጣል። እንክብሏም የታሸገች ናት። እሱን የሚያስፈራው መሣሪያው ሥራ ላይ ሳለ አይደለም። ፕሮጀክት ተዘግቶ፣ ድርጅት ከስሮ፣ ዕቃው መጋዘን ጥግ ሲጣልና ባለቤት ሲያጣ ነው። ይህን መልስ እንዲይዙት አጥብቄ የምፈልግ ሰዎች አሉ፤ መጋዘን የሚረከቡ ሰዎች።

መልስ 9 ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት ከሆነ የጎያኒያው በ2017 አልቋል ማለት ነው ወይ አለ። መልስ 10 ተቆጣ። ሰው ሳያነብ አይጻፍ ብሎ ጀመረ። በ30 ዓመት ግማሹ ይቀራል፣ በ60 ሩቡ፣ በ90 ስምንተኛው። ወደ ሺኛው እስኪወርድ 300 ዓመት ይሄዳል። ሒሳቡ ትክክል ነው። ቁጣው ግን አላስፈለገም ነበር፤ መልስ 9 ጠይቆ ነው እንጂ አላሾፈም።

ከዚህ በኋላ ወሬው አውሮፓ ገባ። መልስ 11 ባቫሪያ የምትኖር እህታችን ናት። ቼርኖቤል ኤፕሪል 26 ቀን 1986 ሲፈነዳ ደመናው በባቫሪያ ጫካ ላይ ዘነበ። የእርሻው አፈር ሸክላ ስለሆነ ሲዚየሙን አጥብቆ ይዞ አስቀረው። ጫካው ግን ከአፈር ወደ እንጉዳይና ቅጠል፣ ከእነሱ ወደ አውሬ፣ መልሶም ወደ አፈር ያዞረዋል። ዛሬም የሚታደን የዱር አሳማ ይለካል፤ በኪሎ ከ600 ቤኬሬል (በየሰከንዱ ጨረር የሚያወጡ አቶሞች ቁጥር) ካለፈ አይሸጥም። መልስ 12 እኛ አሳማ ስለማንበላ አያገባንም አለ። 13 ስለ ሃይማኖት ተናገረ፤ 14 መለሰለት፤ 15 ሁለቱንም ሰደበ። እህታችን በ16 ተመልሳ፣ በጾም ከጫካ ለቅመን የምንሠራው የእንጉዳይ ወጥስ ስትል ክሩ ጸጥ አለ።

መልስ 17 ከስዊድን ነው። በዬቭሌ አካባቢ ያኔ ብዙ ዝናብ ስለወረደ ምድሩ ክፉኛ ተበክሎ ነበር። አጋዘን አርቢዎቹ የሳሚ ሰዎች ሥጋቸውን ቀበሩት። አጋዘን በክረምት የሚበላው፣ መሬትና ድንጋይ ላይ የሚያድገው ላይከን (የዛፍ ሽበት የሚመስል) ሥር የለውም፤ የሚጠጣው ከአየርና ከዝናብ ነው፤ ስለዚህ የወረደውን ሁሉ ይይዛል። ጸሐፊው ጎረቤቱ አንድ ሽማግሌ ዛሬም ስለዚያ ዓመት ሲያወሩ ድምፃቸው እንደሚቀየር ነገረን። ከብት አርቢ ሕዝብ ስለሆንን ይህ ገባኝ።

መልስ 18 ላይ ነገሩ ከረረ። ሰውዬው ሌባ ሰርቆ ሞተ ብሎ ማልቀስ ምንድን ነው አለ። የእጃቸውን ነው ያገኙት አለ። የእኔንም ዓረፍተ ነገር ደገፍ አድርጎ፣ ድንቁርና ያስከፍላል ሲል ጨረሰ። የራሴን ሐሳብ በሰው አፍ እንዲህ ሆኖ ሳየው ደነገጥኩ።

መልስ 19 ከበድ ያለ ነበር። ሕፃኗ ምን ሰረቀች ብላ ጠየቀችው። ሌላ ምንም አልጻፈችም።

መልስ 20 የሕግ ባለሙያ ነው። ክሊኒኩ የነበረበት ቦታ በክርክር ላይ እንደነበረ፣ ባለቤቶቹ ግን ያን ማሽን ማንም ሳይጠብቀው መተው እንደማይችሉ ማወቅ የነበረባቸው ሰዎች እንደነበሩ አስረዳ። ሐኪሞችና ፊዚሲስት ናቸው። ምን እንዳለ አሳምረው ያውቃሉ። በኋላም ከኃላፊዎቹ በቸልተኝነት ሰው በመግደል የተፈረደባቸው አሉ። ስለዚህ አለማወቅ ገደላቸው ማለት የሚያውቀውን ሰው ነፃ ማውጣት ነው ብሎ በቀጥታ ለእኔ ጻፈ።

መልስ 21 የአንዲት ነርስ ነው። ከሁሉ በላይ የነካኝ እሱ ነው። ቀኖቹን ወደ እኛ መልሳ ቆጥራቸዋለች። ወጣቶቹ ማሽኑን የፈቱት መስከረም 2 ቀን 1980 ነው፣ የእንቁጣጣሽ ማግስት። ሴትየዋ ብረቱን ይዛ አውቶቡስ የተሳፈረችው መስከረም 17 ነው፣ እኛ መስቀልን በምናከብርበት ቀን። ያቺ ሴት ፊዚክስ አልተማረችም። ግን ባልዋን፣ ጎረቤቷንና ሠራተኞቿን አይታ አገናዘበች። እሷ ባትወስደው ኖሮ ዱቄቱ ስንት ቤት ይገባ ነበር? ነርሷ እንዳለችው፣ ሕመምተኛ ሲደጋገም ሰበቡን መፈለግ የመጀመሪያው የሕክምና ትምህርት ነው፤ ያን ያደረገችው እሷ ናት። ሕይወቷንም ከፍላበታለች።

መልስ 22 የእኔ ነው። ያን ዓረፍተ ነገር ከመነሻ ጽሑፌ ላይ ሰረዝኩት። አለማወቅ አልገደላቸውም። የሚያውቅ ሰው ትቶላቸው ሄደ። እሷ ደግሞ ሳታውቅ አወቀች። መልስ 18 እንደገና አልመጣም።

መልስ 23 ስለ ጃፓን አንሥቶ ዓሣ ባንበላ ይሻላል አለ፤ በ2025 አሜሪካ ከኢንዶኔዥያ በመጣ ሽሪምፕ ላይ ሲዚየም መገኘቱንም ጨመረ። መምህሩ በ24 መለሱ። የሽሪምፑ መጠን በኪሎ 68 ቤኬሬል አካባቢ ነበር። አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ከምንበላው ፖታሺየም የመጣ 4 ሺህ ቤኬሬል ገደማ የተፈጥሮ ጨረር ስላለ፣ አንድ ሳህን በልቶ የሚታመም የለም። ነገሩ የተመረመረው ጭራሽ መኖር የሌለበት ነገር ስለተገኘ ነው። ጃፓንም ከፉኩሺማው የኑክሌር ማብላያ አደጋ በኋላ የምግብ ጣሪያዋን በኪሎ 100 ቤኬሬል አድርጋለች። ገበሬዎቹ የላይኛውን አፈር ጠርገዋል፤ ሩዙ ሲዚየሙን እንዳይስብ ፖታሺየም ማዳበሪያ ጨምረዋል። ፍርሃት ሲመጣ መጠኑን ጠይቁ አሉ። የኢንዶኔዥያው መነሻ ግን ለእኛ ቅርብ ነው ብለው አስጠነቀቁ፤ ብክለቱ የተገኘበት አካባቢ ቁርጥራጭ ብረት የሚቀልጥበት ነበር።

በዚህ ላይ መልስ 25 ምሳሌ ደረደረ። በ1998 ስፔን ውስጥ አንድ የሲዚየም ምንጭ ከቁርጥራጭ ጋር ማቅለጫ ገብቶ ጭሱ ሌሎች አገሮች ድረስ ተለካ። በ2023 መጀመሪያ አውስትራሊያ ውስጥ 8 በ6 ሚሊሜትር የሆነች እንክብል ከጭነት መኪና ወድቃ 1,400 ኪሎ ሜትር መንገድ ተፈለገች፤ ተገኘችም። በዚያው ዓመት ታይላንድ ውስጥ ከኃይል ማመንጫ የጠፋ ሲሊንደር ነበር፤ ሲዚየሙ የተገኘው ከብረት ማቅለጫ በወጣ አቧራ ውስጥ ነው። አውስትራሊያ መፈለጊያ መሣሪያ የጫኑ መኪኖች ነበሯት። ይህ ያለው ግን ሁሉም አገር አይደለም።

መልስ 26 ምናለሽ ተራ የሚሠራ ነው። አጎቴን ያውቀዋል። በ18ኛው መልስ እንደከፋው ገልጾ ጀመረ። እኛ የምንፈታው ለልጆቻችን ዳቦ ነው አለ። ከባድ ነገር ሲመጣ እርሳስ ነው ብለው እንደሚደሰቱ፣ እርሳሱ እዚያ የሚደረገው ጨረር ለማገድ መሆኑን ግን ማንም ነግሯቸው እንደማያውቅ ጻፈ። ምልክቱን አሳዩኝ አለ።

አሳየነው። ቢጫ ላይ ጥቁር፣ መሐሉ ነጥብ፣ ዙሪያው ሦስት ክንፍ። መልስ 27 አንዲት መምህርት ናት፤ ያንኑ ሥዕል ስምንተኛ ክፍል አሳይታ ብዙዎቹ ቬንትሌተር ነው እንዳሏት ነገረችን። መምህሩ በ28 ይህ የልጆቹ ጥፋት አይደለም አሉ። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲም ይህንኑ ተረድቶ በ2007 ሌላ ምልክት ጨምሯል። ቀይ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ጨረር ሲወርድ፣ የራስ ቅል፣ የሚሮጥ ሰው አለበት። ያልተማረም ያነበዋል። ችግሩ፣ ይህ ምልክት በየአሮጌው ማሽን ላይ የለም። ስለዚህ ምልክት ባይኖርም፣ ከመጠኑ በላይ የከበደ፣ በእርሳስ የተለበጠ፣ ከሆስፒታል ወይም ከፋብሪካ የመጣ ዕቃ አትክፈቱ። ተከፍቶ ዱቄት ከታየ አትንኩ፣ አትጥረጉ፣ ውኃ አታፍስሱበት። ራቁ፣ ሰው አርቁ፣ እጅ ታጠቡ፣ ልብስ ቀይሩ፣ ለሚመለከተው አሳውቁ።

መልስ 29 ሐሙስ ጠዋት ከምናለሽ ተራው ሰው መጣ። ሁለቱንም ምልክት አትሞ ሚዛኑ ጎን ለጥፏል። ከሥሩ በአማርኛ አትክፈት፣ ራቅ፣ ደውል ብሎ በእጁ ጽፏል። ፎቶውን ሳሰፋው ከኋላ የአጎቴ ሱቅ በር ይታያል። በ30ኛው መልስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። ደውል ብሎ ጽፏል፣ ቁጥር ግን አላገኘም። ዛሬ የጨረራ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ሄጄ ስልካቸውን ተቀብያለሁ። ቅዳሜ ይዤለት እሄዳለሁ፤ አጎቴም በሩ ላይ እንድለጥፍለት አንድ ተጨማሪ ቅጂ ጠይቆኛል።